ሜዳ ከተራራ እንደሚወለድ፤ የወንዝና የባሕር ዳር ሥራም

በደጋ ተወልዶ በደጋ ያደገ ሰው ወደ ቆላ ወርዶ ሰፊ ሜዳ ባየ ጊዜ፥ ምድሪቱ ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ ተዘርግታ የኖረች ይመስለዋል። በሜዳ የተወለደውም ተራራውን ከሩቅ እያየ፥ ያ ሌላ አገር ነው፥ ይህ ሌላ አገር ነው ይላል። ነገር ግን የምድርን ጠባይ የመረመሩ ሊቃውንት ሁለቱ እንደ እናትና ልጅ የተያያዙ መሆናቸውን አስረድተዋል። የብዙው ለም ሜዳ ዐፈር አስቀድሞ የተራራ አካል ነበረ፤ ዝናም አጠበው፥ ወንዝ ተሸክሞ አወረደው፥ ዝቅ ያለው ስፍራም ተቀበለው። የወንዙን መጨረሻ የሚወስነው ደግሞ የሐይቁ ወይም የባሕሩ ዳር ነው። ስለዚህ ስለ ሜዳ የሚያስተምር መምህር ትምህርቱን ከተራራ መጀመር ይገባዋል።

የኢትዮጵያ ደጋ እንዴት እንደ ተሠራ ባጭሩ ቢነገር እንዲህ ነው። ከ30 ሚሊዮን ዓመት ያህል በፊት የቀለጠ ዐለት ከምድር ውስጥ በብዙ ስፍራ ፈልቶ ወጣ፤ እየረጋም በመሶብ እንዳለ እንጀራ አንዱ በአንዱ ላይ ተነባበረ። ዛሬ በገደል አፋፍ ለቆመ ሰው በማዶው ግድግዳ ላይ በመስመር በመስመር ሆኖ የሚታየው ጥቍር ዐለት ይህ ነው። ምድሪቱም ከፍ ከፍ እያለች ሄደች፤ ራስ ደጀን ዛሬ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,500 ሜትር ይበልጣል። ከፍ ያለው ዐለት ግን በዚያው ጸንቶ አይኖርም። ፀሓይ ቀን ያሞቀዋል፥ የሌሊት ብርድ ያኰማትረዋል፥ ውሃ በስንጥቁ ይገባል፥ የዛፍ ሥርም ይፈለቅቀዋል፤ እንዲህ ሲሆን ዐለቱ ጠጠር፥ ጠጠሩም ዐፈር ይሆናል። ይህ ሥራ እጅግ የዘገየ ነው። የአንድ ጣት ውፍረት ያህል ዐፈር እስኪገኝ ድረስ ብዙ መቶ ዓመት ያልፋል። ይህ ነገር ኋላ ስለሚያስፈልግ አንባቢው በልቡ ይያዘው።

ውሃ ሸክም የሚችለው በሚሮጥበት ጊዜ ነው። ቁልቁለቱ የበረታ እንደ ሆነ ድንጋይ ያንከባልላል፤ ቁልቁለቱ ሲለዝብ ድንጋዩን ጥሎ ጠጠሩን ይዞ ይሄዳል፤ ቀጥሎም ጠጠሩን ጥሎ አሸዋውን ይነዳል፤ ወደ ሜዳ ወርዶ ሲያዘግም ደቃቁን ጭቃ ብቻ ይሸከማል፤ ከቆመም ያንኑ ያወርደዋል። ይህንም በትምህርት ቤት ማሳየት ቀላል ነው። መምህሩ በአንድ ነጭ ጠርሙስ እስከ እኩሌታው ውሃ ያድርግ፤ ከነጠጠሩ የተዘገነ አንድ እፍኝ ዐፈር ይጨምርበት፤ አፉን ከድኖ አጥብቆ ይነቅንቀውና በመስኮት ላይ ያቁመው። ጠጠሩ ወዲያው ይወርዳል፤ አሸዋው ጥቂት ቆይቶ በላዩ ይተኛል፤ ደቃቁ ግን ውሃውን እንዳደፈረሰ ይውላል፤ ልጆቹ በማግስቱ ሲመጡ ከሁሉ በላይ እንደ ለሰለሰ ዱቄት ተነጥፎ ያገኙታል። በጠርሙሱ ሆድ ያዩት ነገር ከተራራ እስከ ባሕር ያለው የወንዝ ሥራ ነው።

ወንዝ በሜዳ ላይ ሞልቶ ከዳሩ በወጣ ጊዜም እንደዚሁ ያደርጋል። ከዳሩ እንደ ወጣ ፍጥነቱ ስለሚቀንስ አሸዋውን እዚያው በአጠገቡ ይጥላል። ከዚህ የተነሣ የወንዙ ዳር ከሜዳው ጥቂት ከፍ ብሎ ይገኛል፤ መሬቱም ቀላልና አሸዋማ ነው። ደቃቁ ጭቃ ከውሃው ጋራ ርቆ ይሄድና በዝቅተኛው ስፍራ ያርፋል፤ በዚያም ያለው መሬት በክረምት ውሃ የሚያቍር፥ በበጋ የሚሰነጠቅ፥ ለበሬም የሚከብድ ይሆናል። ገበሬ ይህን ከመጽሐፍ ሳይማር ያውቀዋል። ሽማግሌዎች ይህ አሸዋማ ነው፥ ይህ ዋልካ ነው እያሉ መሬቱን ሲለዩ፥ ወንዙ በአያቶቻቸው ዘመን ያደረገውን ማንበባቸው ነው። መምህርም ከእነርሱ ቢጠይቅ አያፍርም።

ለዚህ ሁሉ ከአገር ውስጥ መልካም ምሳሌ የሚሆነው ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚበልጥ ጉና የሚባል ተራራ አለ፤ ርብና ጉማራ የሚባሉት ወንዞች ከእርሱና በዙሪያው ካሉት ተረተሮች ተነሥተው ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። የጣና ከፍታ 1,800 ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ ውሃው ከ2,000 ሜትር የሚበልጥ ቁልቁለት ወርዶ ድንገት በለጥ ባለ ምድር ላይ ይደርሳል፤ ሐይቁም ከፊቱ ቆሞ ይጠብቀዋል። ሩጫው ሲያልቅበት የጉናን ዐፈር እዚያው ያራግፋል። ሐይቁ ባይኖር ኖሮ ወንዞቹ ጭነታቸውን ይዘው ወደ ፊት በሄዱ ነበር፤ የጣና ዳር ግን ከዚህ አታልፍም እንደሚል በረኛ ሆኖ አስቀራቸው፤ ከዚህም የተነሣ የጉና ዐፈር ፎገራ ሆነ።

የፎገራ ሰው ከዚህ ያገኘው ጥቅም ብዙ ነው። የፎገራ ከብት ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው፤ ሣሩም ውሃውም አልጐደለበትምና። ከ1970ዎቹ ዓመታት ወዲህም ውሃ ይተኛበት በነበረው መሬት ላይ ሩዝ መዝራት ተጀመረ፤ ዛሬ በወረታ ገበያ የሚሸጠው ሩዝ በዚያው ጭቃ የበቀለ ነው። ይሁን እንጂ ስጦታው ዕዳ አለበት። ደለሉ በወንዙ መሄጃ ውስጥ ሲከማች ወለሉ ከፍ ይላል፤ ወለሉ ከፍ ሲል ውሃው የሚይዘው ስፍራ ያጣና ወደ እርሻውና ወደ ቤቱ ይወጣል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በፎገራና በሊቦ ከምከም ብዙ ሰው ከቤቱ የተፈናቀለው እንዲህ ባለ ጐርፍ ነበር። በጉና ጐን ላይ እርሻ እየሰፋ ዛፍ እያነሰ በሄደ መጠን፥ በሜዳው ያለው ሰው የሚቀበለው ዐፈር ከሚያስፈልገው ይልቅ በዛ። ስለዚህ በሜዳው ወንዝ ላይ ብቻ ካብ መካብ ነገሩን በእኩሌታው መጀመር ነው፤ ሌላው እኩሌታ ያለው በተራራው ላይ ነው።

ከጣና የሚወጣው ወንዝ፥ በመጻሕፍት ግዮን የሚባለው ዓባይ ነው። ከሐይቁ ሲወጣ ውሃው ብዙ ደለል አይዝም፤ ጣና ራሱ እንደ ጠርሙሱ ሆኖ አጥርቶታልና። ነገር ግን ከጢስ ዓባይ በታች ወደ ጥልቁ ሸለቆ ሲወርድ በሺሎ፥ ጀማ፥ ሙገር፥ ጉደር፥ ደዴሳ እየተጨመሩበት የወሎን፥ የሸዋን፥ የጎጃምንና የወለጋን ዐፈር ያቀብሉታል። ከጣና የወጣው በ1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ሲሆን፥ ከሱዳን ወሰን ሲደርስ የሚቀረው 500 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዚያ ወሰን ላይ የሚያልፈው ደለል በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን ይበልጣል ተብሎ ተገምቷል።

ዓባይ ማደሪያ የለው፥ ግንድ ይዞ ይዞራል የሚል የቈየ ምሳሌ አለ። ተረቱን የተናገረው የደጋ ሰው በአፋፍ ሆኖ የሚያየውን ተናገረ፤ አልተሳሳተምም። የታችኛውን አገር ያየ ሰው ግን ዓባይ ማደሪያ እንዳለው፥ ያውም ሰፊ ማደሪያ እንዳለው ያውቃል። ግንዱ የሚታየው ነው፤ የማይታየው ዐፈሩ ይበልጣል።

የመጀመሪያው ማደሪያ ጀዚራ ይባላል፤ በዐረብኛ ደሴት ማለት ነው። በዓባይና በነጭ ዓባይ መካከል ከካርቱም በስተ ደቡብ የተዘረጋ ሜዳ ነው። መሬቱ ከባድ ጥቍር ጭቃ ሲሆን፥ በብዙ ሺሕ ዓመታት ውስጥ ዓባይ ከኢትዮጵያ እያመጣ ያነጠፈው ነው። እንግሊዞች ሱዳንን ሲገዙ በ1917 ዓ.ም. በሰናር ላይ ግድብ ሠርተው ፈጸሙና ውሃውን በቦይ ወደዚህ ሜዳ ወስደው ጥጥ አስዘሩበት። ከሰሜኑ ተራሮች ተከዜም እንደዚሁ ወደ ሱዳን ወርዶ አትባራ ከሚባለው ወንዝ ጋራ ይገናኛል። በእርሱም ላይ ኸሽም ኤል ጊርባ በሚባል ስፍራ በ1956 ዓ.ም. ገደማ የተሠራው ግድብ በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ከመያዣው እኩሌታ ያህሉን በደለል አጥቷል።

ሁለተኛውና የታወቀው ማደሪያ ምስር ነው። ዝናም እጅግ በሚያንስበት በረሓ መካከል እንደ አረንጓዴ መቀነት የተዘረጋው እርሻ የቆመው ከሩቅ አገር በመጣ ዐፈርና ውሃ ነው። የኢትዮጵያ ክረምት በሐምሌና በነሐሴ ሲበረታ፥ ጥቂት ቈይቶ የምስር ወንዝ ይሞላ ነበር፤ እርሻውን አልብሶ ሲሸሽም ደቃቅ ጥቍር ጭቃ ትቶ ይሄዳል። የጥንት ምስራውያን አገራቸውን ጥቍር ምድር ብለው የጠሩት ስለዚህ ነው፤ በረሓው በዙሪያቸው ቀይና ነጭ ሆኖ ይታይ ነበርና። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሄሮዶቱስ የተባለው የጽርዕ ጸሐፊም የምስር ዐፈር ጥቍርና ፍርክስ መሆኑን አይቶ፥ ወንዙ ከኢትዮጵያ ያመጣው ደለል መሆኑን ጽፏል። በእርሱ ዘመን ኢትዮጵያ ሲባል ከምስር በስተ ደቡብ ያለውን ሰፊ አገር ሁሉ የሚያጠቃልል ስም ነበር፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

ወንዙ ወደ ባሕር ሲደርስ ከብዙ ተከፍሎ ሦስት ማዕዘን ያለው ሜዳ ሠርቷል፤ ጽርዓውያን ዴልታ በሚባለው ፊደላቸው አምሳል ሰየሙት። እዚህ ላይ የባሕር ዳር ምን እንደሚሠራ በግልጥ ይታያል። ወንዝ ደለል ያመጣል፤ የባሕር ማዕበል ደግሞ ከዳሩ እየላሰ ወደ ጐን ይወስዳል። ወንዙ የሚያመጣው ከሚወሰደው የበለጠ እንደ ሆነ ምድር ወደ ባሕር ትገፋለች፤ ያነሰ እንደ ሆነ ባሕሩ ወደ ምድር ይገባል። ወንዙና ባሕሩ እንዲህ እየተገፋፉ ብዙ ሺሕ ዓመት ኖሩ። በ1962 ዓ.ም. ግን በአስዋን ላይ ታላቁ ግድብ ተሠርቶ አለቀ። ግድቡ ጐርፍን አስቀረ፥ መብራት ሰጠ፥ በድርቅ ዓመትም ውሃ አቈየ፤ ነገር ግን ደለሉ ሁሉ ማለት ይቻላል በግድቡ ሐይቅ ውስጥ ቀረ። ከዚህ በኋላ የምስር ገበሬ ወንዙ ይሰጠው የነበረውን መሬት ማዳበሪያ በገንዘብ መግዛት ግድ ሆነበት። በረሺድ በኩል ያለው የወንዙ አፍም በባሕር እየተበላ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ እርሱንም ለመከላከል በድንጋይ ግንብ ማጠር አስፈለገ። ግድቡ በአስዋን፥ ጕዳቱ በባሕር ዳር ሆነ፤ በመካከላቸው ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ አለ።

ወንዝ ሁሉ እንዲህ በክብር ወደ ባሕር የሚደርስ አይደለም። ዋቢ ሸበሌ ከባሌና ከአርሲ ደጋ ተነሥቶ፥ በጎዴ አልፎ ወደ ሶማልያ ይወርዳል። ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፥ ከሞቃዲሾ አጠገብ፥ ነፋስ በባሕሩ ዳር የከመረው የአሸዋ ጕብታ ይጋርደዋል። ያን ጊዜ ወደ ደቡብ ምዕራብ ዞሮ ከባሕሩ ጋራ ትይዩ ሆኖ እየሄደ በረግረግና በአሸዋ ውስጥ ያልቃል፤ ብዙ ዝናም በዘነመ ዓመት ብቻ ከጁባ ወንዝ ጋራ ይገናኛል። አሸዋው ባይጋርደው ኖሮ ደለሉ በውቅያኖስ ይሰጥም ነበር፤ ከጕብታው በስተ ኋላ ያለው የእርሻ ሜዳ የተገኘው ባሕሩ ራሱ በሠራው አጥር ነው። የተራራ ሰው ባሕርን ጠላት አድርጎ ሲያስብ ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው።

አዋሽ ደግሞ ባሕርን ከቶ አያየውም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በጊንጪ አካባቢ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ በቆቃ በ1952 ዓ.ም. የተሠራው ግድብ ከደጋው ከሚያመጣው ደለል ብዙውን ይዞ አስቀርቷል፤ የቀረውን ይዞ በመተሐራና በአሚባራ አልፎ ወደ አፋር ሜዳ ይወርዳል። መጨረሻውም በጅቡቲ ወሰን ላይ ያለው አቤ ሐይቅ ነው። በዚያ ውሃው በፀሓይ ተኖ ወደ ሰማይ ይሄዳል፥ ጨው ይቀራል። በአዋሽ ዳር ያለው ለም መሬት ጠባብ መሆኑና በአቅራቢያው ጨዋማ ምድር መገኘቱ ከዚህ የተነሣ ነው፤ ወደ ባሕር የማይወጣ ወንዝ ጨውን የሚጥልበት ሌላ ስፍራ የለውምና።

ከአፋር በስተ ሰሜን ያለውን የዳሎልን ሜዳ የሠራው ግን ባሕር ነው። ምድሩ ከባሕር ወለል በታች 120 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ ነው። ከ100 ሺሕ ዓመት በፊት የቀይ ባሕር ውሃ ገብቶበት ነበር፤ ለዚህም ምስክሩ በሜዳው ዙሪያ ዛሬ በደረቅ የሚታየው የባሕር ዛጎልና የመርጃን ድንጋይ ነው። ኋላ እሳተ ገሞራ መግቢያውን ዘጋው፤ ውሃው ደረቀ፤ ጨው ቀረ። የአፋርና የትግራይ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ በመጥረቢያ እየፈለጡ በግመል የሚያወጡት አሞሌ፥ አባቶች በገበያ እንደ ገንዘብ የተገበያዩበት ያው አሞሌ፥ የጠፋ ባሕር ቅሪት ነው። እንዲህ ያለ ሜዳ ለዓይን ከፎገራ ይልቅ የተስተካከለ ነው፤ ነገር ግን ተራራ ዐፈር ያላካፈለው ሜዳ ስለ ሆነ እህል አይበቅልበትም።

እንግዲህ ወደ ተራራው ጐን እንመለስ፤ ጭንቁ ያለው በዚያ ነውና። በኢትዮጵያ ደጋ ከሚታረሰው መሬት ከአንዱ ሔክታር፥ ማለት 100 ሜትር በ100 ሜትር ከሆነው እርሻ፥ በዓመት 42 ቶን ያህል ዐፈር እንደሚታጠብ ሊቃውንት ገምተው ጽፈዋል። ይህም 420 ኩንታል ነው። በዚያው እርሻ 20 ኩንታል ጤፍ የሰበሰበ ገበሬ ዓመቱን አመስግኖ ያድራል፤ ከበሩ ፊት 420 ኩንታል እንደ ወጣበት ግን አይታየውም፤ ምክንያቱም በውፍረት ቢለካ በዓመት ከሦስትና ከአራት ሚሊ ሜትር አይበልጥም። በአምስትና በስድስት ዓመት አንድ ጣት ይሆናል። አንድ ጣት ዐፈር ለመፈጠር ስንት ዘመን እንደሚፈጅ ከዚህ በላይ ተነግሯል።

የሚያሳዝነው ገበሬው ለበጎ ብሎ የሚያደርገው ነገር አንዳንድ ጊዜ ጥፋቱን ማፋጠኑ ነው። ዘሩ በውሃ እንዳይበሰብስ ፈሰስ ያወጣል፤ ፈሰሱ ቁልቁል የወረደ እንደ ሆነ ግን ለውሃው መሮጫ ይሆነዋል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላም ቦረቦር ሆኖ በሬ የማይሻገረው ገደል ይከፍታል። ፈሰሱ አግድም አዘንብሎ ቢወጣ ውሃው ያለ ጥፋት ይወርድ ነበር።

ይህ ደግሞ ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ የተጀመረው የዓባይ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የሚይዘውም ውሃ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ነው። ከዚህ በፊት የታጠበው ዐፈር ለጀዚራና ለምስር ግድቦች ጭነት ነበረ፤ ከእንግዲህ ግን ብዙው የሚተኛው በኢትዮጵያ በራሷ ሐይቅ ውስጥ ነው። በጎጃም ወይም በወሎ በአንዲት ጋት መሬት ላይ የወጣ ፈሰስ ከግድቡ ዕድሜ ጋራ ተያይዟል ማለት ማጋነን አይደለም።

ለዚህ መድኃኒት ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም። በደቡብ የሚኖሩት የኮንሶ ሰዎች መሬታቸው ድንጋያማና ዳገታማ፥ ዝናማቸውም ጥቂት ሳለ፥ ከብዙ ትውልድ ጀምሮ ጐኑን ሁሉ በድንጋይ ካብ እርከን አድርገው ኖረዋል። አንዳንዱ ካብ ከፍታው እስከ 5 ሜትር ይደርሳል። በ2003 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ይህን አገር በዓለም ቅርስ መዝገብ ጻፈው። ካቡ ዐፈርን ብቻ አይዝም፤ ውሃውንም አስቈይቶ ያሰርገዋል፤ በዚህም ዳገቱ በደረጃ የተሠሩ ብዙ ትንንሽ ሜዳዎች ሆነ። ወንዝ በታች ሊሠራው የነበረውን ሜዳ የኮንሶ ሰው በላይ፥ በራሱ ደጅ ሠራው። ካቡ በየዓመቱ መጠገን ይፈልጋል፤ አንድ ድንጋይ የወደቀ ጊዜ ቸል ከተባለ በአንድ ዶፍ ዝናም ከላይ እስከ ታች ይናዳል።

መምህሩ ይህን ትምህርት ከፈጸመ በኋላ ልጆቹን ወደ መንደሩ ሽማግሌዎች ይላክ። ወንዙ በልጅነታቸው በየት በኩል ይሄድ እንደ ነበረ፥ መሻገሪያው የት እንደ ነበረ፥ በዳሩ ቆመው ከነበሩት ዛፎች ውሃ የወሰዳቸው የትኞቹ እንደ ሆኑ ይጠይቁ፤ የሰሙትንም በደብተር ይጻፉ። በግንቦትም ዝናም ሳይበረታ በትምህርት ቤቱ አጠገብ ባለው ዳገታማ እርሻ ላይ፥ ባለ እርሻውን አስፈቅደው፥ የክንድ ርዝመት ያላቸው አምስት ካስማዎች ይትከሉ፤ ዐፈሩ በደረሰበትም ልክ በቢላዋ ምልክት ያድርጉ። ሁለቱን እርሻው ካለቀበት ከዳገቱ ሥር፥ ሦስቱን ከፍ ብሎ ይትከሏቸው። በመስከረም ሲመለሱ ከምልክቱ በታች ምን ያህል እንደ ተገለጠ፥ ከዳገቱ ሥር ያሉትም ምን ያህል እንደ ተቀበሩ በጣት ለክተው፥ ቍጥሩን ከነዓመቱ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ይጻፉት።